ክኒኑ ሲቆም የሚመጣው ሁሉ ጅን አይደለም

 

ረመዳን ሲቃረብ በብዙ ቤት በዝምታ የሚወሰን አንድ ጉዳይ አለ። ለድባቴ ወይም ለጭንቀት ክኒን ስትወስድ የቆየች እህት መድኃኒቷን መሳቢያ ውስጥ ትዘጋበትና «ከእንግዲህ ኢንሻ አላህ ይበቃኛል» ትላለች። አንዷን የሚገፋፋት ወሩን አንድም ቀን ሳታጎድል የመጾም ጉጉት ነው። ሌላዋ «ኢማን ያለው ሰው የአእምሮ መድኃኒት ምን ያደርግለታል?» የሚለው የዘመድ ንግግር ሰልችቷታል። ከዓረብ አገር የተመለሰችው ደግሞ ይዛው የመጣችው ክኒን አልቆባት፣ እዚህ ሦስት ፋርማሲ ዞራ «የለም» ተብላ ይሆናል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ቤተሰቡ «አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገለች» ይላል፤ ጉዳዩም የተዘጋ ይመስላል።

አይዘጋም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ራሷን ያዞራት ጀመር። ዓይኗን ወደ ጎን ስታዞር ኮረንቲ የነዘራት ዓይነት ስሜት ጭንቅላቷ ውስጥ ብልጭ ብሎ ያልፋል። ያቅለሸልሻታል፣ ያልባታል፣ ትንሽ ነገር ያስለቅሳታል፣ ትንሽ ነገር ያስቆጣታል። እንቅልፍ ቢወስዳትም ቅዠቱ አያስተኛትም። ተራዊሕ ላይ ከሱጁድ ቀና ስትል መሬቱ ይዞርባታል። ሳምንት ያልፋል፣ ሁለት ሳምንት ያልፋል። የአንዳንዷ እስከ ዒድ፣ ከዒድም አልፎ ወራት ይዘልቃል።

ያኔ ቤት ውስጥ ፍርድ ይጀመራል። እናት «ዱካክ ነው፣ ዓይን ነው» ትላለች። አጎት «ጅን ካልሆነ ቁርዓን በሚቀራበት ወር ለምን ይብስባታል?» ይላል። የተማረው ወንድም ደግሞ «አየሽ፣ ሱስ አስይዞሽ ነበር» ብሎ የራሱን ይጨምራል። ሦስቱም የሚናገሩት ስለሚወዷት ነው። ሦስቱም ግን ስተዋል።

የድባቴ መድኃኒቶች፣ ፍሉኦክሴቲንም ይሁን ሰርትራሊን ወይም በአገራችን የቆየው አሚትሪፕቲሊን፣ ነርቮች እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸውን እንደ ሴሮቶኒን ያሉ ንጥረ ነገሮች አሠራር ይለውጣሉ። አንጎል ከመድኃኒቱ ጋር ወራትና ዓመታት ሲኖር ራሱን ከእሱ ጋር ያስማማል። መድኃኒቱ በአንድ ቀን ሲነሳበት የተስማማበት ነገር ይጠፋዋል፤ እንደገና ለመስተካከል ጊዜ ይፈልጋል። ማዞሩ፣ ንዝረቱ፣ ቅዠቱ የዚያ የመስተካከል ጊዜ ምልክቶች ናቸው። ሱስም አይደለም። ሱሰኛ ያጣውን ነገር ይመኛል፣ መጠኑን ይጨምራል፣ ፍለጋ ይወጣል። የድባቴ ክኒን ያቆመች ሴት ክኒኑ አያምራትም፤ የምትፈልገው ማዞሩ እንዲተዋት ብቻ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ቤተሰብን ብቻ መውቀስ አግባብ አይመስለኝም። ሐኪሞችም ለብዙ ዓመታት «ቀላል ነው፣ በአንድ ሁለት ሳምንት ይጠፋል» ሲሉ ኖረዋል። የብሪታኒያ የሥነ-አእምሮ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ አቋሙን አስተካክሎ ምልክቱ ለአንዳንድ ሰዎች ከባድና ረጅም ሊሆን እንደሚችል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ስንቱን ሰው ይነካል በሚለው ላይ ክርክሩ ገና አላለቀም። በዚያው ዓመት የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ነው ያለው። በ2024 ላንሴት ሳይካትሪ በተባለው መጽሔት የወጣው ሌላ ግምገማ ግን፣ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ሲወስዱ ቆይተው ባቆሙ ሰዎች ላይ የታየውንም ቀንሶ ሲያሰላ፣ በመድኃኒቱ መቆም ብቻ የሚመጣውን ከስድስት ወይም ከሰባት ሰው አንድ ላይ አደረሰው። ይህንን የምጽፈው ማንም እንዳይሸበር ነው፤ ብዙ ሰው ሳይቸገር ያቆማል። ሰባተኛዋ የእናንተ ልጅ ስትሆን ግን ቁጥሩ አያጽናናም።

አንድ ተጨማሪ ነገር ቤተሰብን ያሳስታል፤ ጊዜው። ፓሮክሴቲንና ቬንላፋክሲን ቶሎ ከሰውነት ስለሚወጡ አንድ ቀን ሲዘለሉ እንኳ የሚሰማቸው ሰዎች አሉ። ፍሉኦክሴቲን ግን ሙልጭ ብሎ ለመውጣት ሳምንታት ይፈጅበታል። በሻዕባን መጨረሻ ያቆመ ሰው የመጀመሪያዎቹን የረመዳን ቀናት በሰላም ጾሞ፣ ማዞሩ በወሩ አጋማሽ ሊመጣበት ይችላል። ያን ጊዜ ክኒኑን የሚያስታውስ የለም። ሁሉም በዚያ ሳምንት የሆነውን ነገር ይፈልጋል፤ ማን መጣ፣ ማን ምን አበላት፣ የማን ዓይን አረፈባት።

በሽታው ተመልሶ መጣ ወይስ የመድኃኒቱ መቆም ነው? ይህ ጥያቄ ሐኪምንም ይፈትናል፤ የቤት ሰው ግን ሊያየው የሚችለው ነገር አለ። መድኃኒቱ በቆመ ወይም በቀነሰ በቀናት ውስጥ የመጣ፣ በፊት በሕመሟ ጊዜ ያልነበረ ንዝረትና ማዞር የያዘ፣ አንድ ቀን ብሶ አንድ ቀን የሚተው ከሆነ ወደ መድኃኒቱ መቆም ያመለክታል። ድባቴው ሲመለስ ብዙውን ጊዜ ቀስ ብሎ፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይመጣል፤ የሚያመጣውም የምታውቁትን የድሮውን ጨለማ ነው፤ ከሰው መሸሽ፣ ምንም አለመጣፈጥ፣ ራስን መውቀስ። ሁለቱ አንድ ላይ የሚመጡበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ አንድ ደብተር ግዙ። ክኒኑ የቆመበትን ቀን፣ ምልክቱ የጀመረበትን ቀን፣ የእያንዳንዱን ቀን እንቅልፍና ማዞር በአንድ መስመር ጻፉ። ከአጎት ግምት ይልቅ ሐኪሙን የሚረዳው ያ ደብተር ነው።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ፤ ብዙው ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነውና። አብዛኞቹ የድባቴ መድኃኒቶች በቀን አንዴ የሚወሰዱ ናቸው። በቀን አንዴ የሚወሰድ ክኒን ደግሞ ከጾም ጋር አይጣላም። የሚያስተኛው፣ ለምሳሌ አሚትሪፕቲሊን፣ ከኢፍጣር በኋላ ማታ ሊወሰድ ይችላል፤ አፍ ስለሚያደርቅ ከእሱ ጋር ውኃ በደንብ መጠጣት ያስፈልጋል። እንቅልፍ የሚነሳው እንደ ፍሉኦክሴቲን ያለው ሱሁር ላይ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱን ከሐኪሙ ወይም ከፋርማሲስቱ ጋር መነጋገር የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ያ ባለመደረጉ ብቻ መድኃኒቱን በሻዕባን የምታቆም ስንት ሴት አለች! እኔ የማላውቀው ፈተና ነው የሚል ካለ፣ ለአንድ ሳምንት በሰፈሩ ፋርማሲ በር ላይ ይቁም።

መጾም የማይቻልበት ደረጃ ላይ የደረሰችስ? ሱረቱል በቀራ 184ኛውና 185ኛው አንቀጽ ለታመመ ሰው በሌላ ጊዜ መክፈልን ፈቅደዋል። ቀዷው እንዴት እንደሚሆን፣ ፊድያ የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ ኡስታዛችሁን ጠይቁ፤ ያ የእኔ ሥራ አይደለም። የእኔ ክርክር «ታመመ» የሚለው ቃል ስኳርና ኩላሊት ሲሆን ብቻ ለምን እንደሚገባን ነው። ያልጾመችው በስኳር ምክንያት ቢሆን ሾርባ ይቀርብላት ነበር። በዚህ ሕመም ሲሆን ኩሽና ገብታ ተደብቃ ውኃ ትጠጣለች።

ያለፉት ሙስሊም ሊቃውንት ከእኛ በተሻለ ያውቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ934 ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ ሰውነትና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት መጽሐፍ ሐዘንን ለሁለት ከፍለውታል። አንደኛው ምክንያቱ የሚታወቅ ሐዘን ነው። ሁለተኛው ምክንያት የማይገኝለት፣ ከሰውነት የሚነሳ፣ ለእሱም የሰውነት ሕክምና የሚያስፈልገው ነው። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የሆነው ንግግር ነው፤ «ኢማን አነሰው» የሚል ቃል አልጨመሩበትም።

አቁማ አሁን እየተቸገረች ላለች እህት ምን ይደረግ? የመጀመሪያው «ተመልሼ ብወስድ ተሸነፍኩ» የሚለውን ሐሳብ መተው ነው። ምልክቱ ከባድ ከሆነ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት መድኃኒቱን ወደነበረበት ወይም ወደ አነስተኛ መጠን መልሶ፣ ሰውነት ሲረጋጋ ከዚያ በዝግታ መቀነስ ነው። ቶሎ ከተመለሰ ማዞሩ በቀናት ውስጥ ሊቀል ይችላል። ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ ግን እንደ በፊቱ የማይሠራበት ጊዜ ስላለ፣ የቀረ ክኒን ከመሳቢያ አውጥቶ በራስ መጀመር አይገባም።

ስለ መቀነሱ አንድ ቃል ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። በአንጎል ምስል የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት የመድኃኒቱ ኃይል ከመጠኑ ጋር እኩል አይወርድም። ትንሹም መጠን አንጎል ውስጥ ሰፊ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ከ40 ሚሊግራም ወደ 20 መውረድ ቀላል ሆኖ፣ ከ10 ወደ ዜሮ መውረዱ ከፎቅ እንደ መዝለል ሊሆን ይችላል። ሆሮዊትዝና ቴይለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2019 ያሳሰቡት ይህንኑ ነው፤ ወደ ታች በወረድን ቁጥር እርምጃው እያነሰ ይሂድ፣ ለአንዳንዱ ሰው ወራት ይፍጅ። በእኛ አገር ችግሩ እንክብሉ የማይከፈል መሆኑ ነው፤ በጠብታ የሚለካው ፈሳሽ እንደ ልብ አይገኝም። መሐሉ ላይ ጭረት ያለው ክኒን በምላጭ ሊከፈል ይችላል፤ ቀስ ብሎ እንዲሟሟ የተሠራውን ግን መስበር አደጋ አለው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ፋርማሲስቱ ያውቃል፤ ጠይቁት። አንድ ቀን መውሰድ አንድ ቀን መዝለል የሚለው የሰፈር ዘዴ ደግሞ ቶሎ ለሚወጡት መድኃኒቶች ሰውነትን በየሁለት ቀኑ ማንገላታት ነው። «በቃ አቁሚው» ብሎ በአንድ ቃል የሚያሰናብት ሐኪምም ካጋጠማችሁ፣ «እንዴት አድርጌ?» ብላችሁ ወንበሩ ላይ ቆዩ።

ሌላው እንቅልፍ ነው። የረመዳን ሌሊት አጭር ነው። ተራዊሕ አለ፣ ሱሁር አለ፣ በመካከሉ ቡናው ሦስት ጊዜ ይፈላል። ደህና ሰው ይህንን ይችለዋል፤ አንጎሉ እየተስተካከለ ያለ ሰው ግን ይናጋበታል። ለእሷ ቡናው ከኢፍጣር በኋላ አንድ ስኒ ይብቃ። ከተራዊሕ እስከ ሱሁር የሚዘልቀው ጫትማ ጭንቀትን የሚያባብስ፣ እንቅልፍን የሚያባርር ነገር ነው፤ ወንዶቹ ይህን ምክር እንደማይወዱት አውቃለሁ። ቀን ከዙህር በኋላ አንድ ሰዓት ትተኛ፤ ልጆቹን ያን ሰዓት ሌላ ሰው ይያዝ። የሚያዞራት ከሆነ ቁጭ ብላ ትስገድ፤ ሸሪዓው ለታመመ ፈቅዷል። የሳምቡሳውን ጥብስ ምድጃ ሥር ቆማ የምትጨርሰው እሷ አትሁን፤ የዞረው ራስና የፈላ ዘይት አይስማሙም።

ሩቅያን በተመለከተ፣ የሚቀራው ቁርዓን ነው፤ ልብን ያሳርፋል፤ ከክኒንም ጋር አይጣላም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለዋል። የሚያስፈራኝ «መጀመሪያ መድኃኒቱን ጣሉ» የሚለው ሰው ነው። ያንን የሚላችሁ ሰው ጋ ሁለተኛ አትሂዱ። ሰንሰለት፣ ዱላ ወይም ምግብ መከልከል ያለበት ቦታ ከሆነ ደግሞ የቀራው ሰው ማንም ይሁን ማን ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ባሎች ስለ እናንተም ልናገር። ሁለት ወር ሙሉ «ዛሬስ?» እያሉ መጠየቅ ይደክማል። «አልሻለሽም እንዴ?» ከሚለው «ዛሬ ማዞሩ እንዴት ነበር?» የሚለው ይሻላል፤ የመጀመሪያው ወቀሳ አለበት። «አብሽሪ፣ ያልፋል» በሏት፤ መቼ እንደሚያልፍ ግን ቀን አትቁረጡ። ለአብዛኛው ሰው ያልፋል፤ እንደ ማዕበል እየመጣ እየሄደ፣ በመካከሉ ያለው ደህና ቀን እየረዘመ ነው የሚያልፈው። ወንድሞችም በዚህ ሕመም ይያዛሉ። እነሱ ስለማይናገሩ ከሥራ የቀሩበትን ቀንና የቁጣቸውን ብዛት ተመልከቱ።

የማይጠበቅ ነገር ግን አለ። ሞትን የምትመኝ ከሆነ፣ «ያለ እኔ ይሻላችኋል» የሚል ቃል ካመለጣት፣ ለብዙ ሌሊት ጭራሽ ካልተኛች፣ ወይም ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከሰማች ብቻዋን አትተዋት፤ ቤት ያለውን ክኒን ሁሉ ከእጇ አርቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዷት። «ይህን መናገር ነውር ነው» ብላ እንዳትደብቅ አስቀድማችሁ በግልጽ ጠይቋት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም።

ለቀረው፣ ወሩ እስኪያልቅ አትጠብቁ። ጤና ጣቢያው በረመዳንም ክፍት ነው። ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ የመድኃኒቱን ባዶ ማሸጊያም ጨምሩበት፤ ስሙና ሚሊግራሙ እሱ ላይ ተጽፏል።