የተቀበረ ጥርስ ራጅና የአስመጪው ኀላፊነት

ከውጭ አገር የሚመጣ የሕክምና መሣሪያ እንደ ጨርቅና እንደ ቆርቆሮ ዋጋው በተከፈለ ዕለት ሒሳቡ የሚዘጋ ሸቀጥ አይደለም። ለጥርስ ሕክምና የሚያገለግለው አዲሱ የራጅ መሣሪያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ከመንጋጋ ጥርሶች ሁሉ መጨረሻ የሆነው ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ይበቅላል። ቦታ ያጣ እንደ ሆነ ግን ተጋድሞ በአጥንት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ ድድ ያቆስላል፣ ጉንጭ ያሳብጣል፣ ሠራተኛውን ከሥራው፣ ነጋዴውን ከገበያው ያስቀራል። የታችኛው ጥርስ ሥር ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት ከሚሰጠው ነርቭ አጠገብ ስለሚያርፍ፣ በሚወጣበት ጊዜ ነርቩ ቢነካ ከንፈር ለጊዜው፣ አልፎ አልፎም ለዘለቄታው ሊደነዝዝ ይችላል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. ሮንትገን ያገኘው ራጅ አጥንትን ቢያሳይም፣ የፊቱንና የኋላውን በአንድ ገጽ ላይ ደራርቦ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጥርስ ሕክምና የተስፋፋው ኮን ቢም ሲቲ ግን በራስ ዙሪያ እየዞረ ብዙ ምስሎችን ያነሣል፤ ኮምፒውተርም አዋሕዶ ርዝመትን፣ ስፋትንና ጥልቀትን ያሳያል። ስለዚህ ሐኪሙ ነርቩ በምላስ በኩል ይለፍ በጉንጭ በኩል አስቀድሞ ዐውቆ፣ አጥንቱን ከየት እንደሚከፍት፣ ጥርሱንም ከፋፍሎ ማውጣት ይሻል እንደ ሆነ ይወስናል።

ይሁን እንጂ ይህ ምርመራ ለሁሉ አያስፈልግም። ከተለመደው የጥርስ ራጅ የበለጠ ጨረር ይሰጣል፤ የነርቭ ጉዳትንም በጠቅላላው እንደሚቀንስ ንጽጽሮች አላረጋገጡም። የአውሮፓ ኮሚሽን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ በልማድ እንዳይታዘዝ ይከለክላል፤ የሚመክረው ተራው ራጅ የጥርሱ ሥር ከነርቩ መተላለፊያ ጋር መነካካቱን ሲያመለክት ነው። ለማያስፈልገው በሽተኛ ማዘዝ፣ ለማይጠቀምበት ክሊኒክም መሸጥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

እንግዲህ የስማዳ፣ የጋይንትና የእስቴ ሰው የሚያስፈልገው በየከተማው የተበተነ መሣሪያ አይደለም። በወገዳ ተራው ራጅ በሚገባ ከተነሣ፣ አጠራጣሪው በሽተኛ ብቻ ተመርጦ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ሊላክ ይችላል። የኮምፒውተር ምስል በመሆኑም ጎንደር ያለ ሐኪም በሽተኛው ሳይንገላታ ሊመለከተው ይችላል። ሆስፒታሎች በኅብረት የሚገለገሉበት አንድ መሣሪያ፣ በየጓዳው ተሰናክለው ከሚቀመጡ ብዙዎች ይበልጣል።

ለአስመጪው ሕጉ ግልጽ ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያ እንዲመዘገብ፣ የጨረርና የኒውክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009ም የጨረር መሣሪያ በፈቃድ እንዲያዝ ደንግገዋል። ሕጉን መፈጸም ግን መነሻ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን፣ ነገ የሚገዛው መለዋወጫ ዛሬ ከሚታሰበው በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ስለሆነም የመሣሪያው ተከላ፣ የሠራተኛው ሥልጠና፣ መለዋወጫ ዕቃና ጥገና ከነጊዜ ገደባቸው በሽያጩ ውል ውስጥ ይጻፉ። ገዢውም በዋጋ ቅናሽ ሳይታለል ይህን ይጠይቅ።

ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ ሲያሠሩ የፈለጉት መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ሙያውንም ነበር። የዛሬ አስመጪም ሣጥኑን አስረክቦ ቢሄድ ትርፉ የአንድ ቀን ነው፤ ሙያውን ጨምሮ ቢያስረክብ ግን ደንበኛውም ስሙም ይቆዩለታል።