ከካቡ ውጭ ያለችው ንብ

ኑግ በራሱ ብናኝ ፍሬ መቋጠር የማይሆንለት ሰብል ነው። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ብናኝ የሚያመላልስለት ነፍሳት ካጣ፣ ማሳው በመስከረምና በጥቅምት ቢጫ ለብሶ ዓይን ቢማርክም በአጨዳ ጊዜ የሚታፈሰው ገለባ ነው። በቡሬና በደብረ ማርቆስ ትልልቅ የዘይት ፋብሪካዎች ተተክለው የቅባት እህል ያለህ በሚሉበት፣ አገሪቱም ከምትበላው ዘይት አብዛኛውን ከውጭ በምትገዛበት በዚህ ዘመን የኑግ ምርት ሲነሳ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ገበያ ብዙ ይባላል። ንቧ ግን በስብሰባው ላይ ስሟ እምብዛም አይነሳም።

የነፍሳት ውለታ በኑግ አያበቃም። ባቄላ ንብ ሲጎበኘው የተሻለ ፍሬ ይይዛል። ዱባ ያለ ነፍሳት አያፈራም። በባሕር ዳር ዙሪያ በየጓሮው የሚታዩት ማንጎና አቮካዶም እንዲሁ ጎብኚ ይሻሉ። የዘጌ ቡና ራሱን በራሱ ማዳቀል ይችላል፤ ሆኖም ንብ ሲታከልበት ፍሬ የሚይዘው አበባ እንደሚበዛ በሌሎች ቡና አብቃይ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ጤፍ፣ ስንዴና ሩዝ ይህ ሁሉ አያስፈልጋቸውም፤ ነገር አጋነናችሁ እንዳንባል ይህንንም መናገር ተገቢ ነው። ግን እንጀራ ብቻውን አይበላም። በጾም ወራት ስልጆው ከባቄላ፣ ዘይቱ ከኑግ ነው። የብዝኃ ሕይወትና የሥነ ምህዳር አገልግሎት ዓለም አቀፍ መድረክ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሪፖርት ከዓለም ዋና ዋና የምግብ ሰብል ዓይነቶች ውስጥ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ቢያንስ በከፊል በንብ፣ በዝንብ፣ በቢራቢሮና በመሳሰሉት እንስሳት ርክበ ብናኝ ላይ የሚመኩ መሆናቸውን አስታውቋል።

የደኑ ጉዳይ ደግሞ ከሰብሉም ይረቃል። የጣና ዳርቻ ግርማ የሆኑት ሾላና ዋርካ አበባቸውን በፍሬያቸው ውስጥ ደብቀው የሚያብቡ ዛፎች ናቸው። ወደዚያ ዘልቃ የምታዳቅላቸው በዓይን ለማየት የምታስቸግር ትንሽ ተርብ ናት፤ ዕድሜዋ በቀናት የሚቆጠር ሲሆን ከእነዚህ ዛፎች እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ የሆነች ተርብ አለችው። ያቺ ተርብ ከአካባቢው ከጠፋች ዛፉ ቆሞ ይቀራል እንጂ ዘር አይተካም። ከፍሬው የሚመገቡት ወፎችና ጦጣዎችም ገበታቸው ይታጠፋል።

ለእነዚህ ነፍሳት መጠለያ ሆኖ የቆየው ማነው ቢባል መልሱ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በፊት የቤተ ክርስቲያን አጸድ ነው። በደቡብ ጎንደርና በጎጃም ከከፍታ ላይ ሆኖ ቁልቁል ያየ ሰው በታረሰው ሜዳ መካከል ክብ ክብ እያለ የሚታየው ጥቁር አረንጓዴ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ያውቃል። አንባቢ በ«እመጓ» መጽሐፉ የሚያስታውሰው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ ዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያጠናው እነዚህኑ ደኖች ነበር። እሱና ባልደረቦቹ በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናት ባደረጉት ቆጠራ፣ ሁሉም ተደምረው 500 ሄክታር ገደማ በሚሆኑ ደኖች ውስጥ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎች አግኝተዋል። በዙሪያቸው ካለው ማሳ ውስጥ ከነዚህ ስንቱ እንደተረፈ ለማወቅ ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም።

ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ደኑ የታቦቱ ክብር ነው፤ ዛፍ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ልብሱን እንደተገፈፈ ሰው ይቆጠራል። ሌላም ብዙ ጊዜ የማይነሳ ምክንያት አለ። ቅዳሴው የሚቀደስበት ጧፍ በሰም የተነከረ ፈትል ነው፤ ሰሙን የምትሠራው ንብ ናት። የፋብሪካ ሻማ ከመምጣቱ በፊት ቤተ ክርስቲያንና ንብ ለዘመናት የተደጋገፉ ጎረቤታሞች ነበሩ። የካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያኗን ሰፊ ይዞታ ሲወስድ የተረፈላት በቅጥሩ ዙሪያ ያለው ነው። ዛሬ የምናየው የደን ደሴት ከዚያ የቀረው ነው፤ ከዚያም ወዲህ የእርሻው ድንበርና የከብቱ ግጦሽ ከዓመት ዓመት እየገፋው መጥቷል።

ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆኖ ለዚህ ያመጣው መፍትሔ ቀላልና ብልህ ነበር። ካህናቱ ደናቸው ሲሸረሸር ከሳተላይት በተነሳ ፎቶግራፍ ላይ እንዲያዩት ተደረገ፤ ከዚያ ካብ መካብ ተጀመረ። ድንጋዩ የመጣው ከገበሬው ማሳ ነው። ማሳው ከድንጋይ ሲጠራ ለሞፈሩ ይመቻል፣ ካቡ ሲቆም ከብት አይገባም፣ ከብት ካልገባ ችግኝ ይጸድቃል። የውጭ ባለሙያ ያረቀቃቸው ስንት የጥበቃ ፕሮጀክቶች ሰውን ከመሬቱ ጋር ሲያጣሉ አይተናል፤ ይህኛው ሁለቱን አስታርቋል። ሁለቱ ተመራማሪዎች በደኖቹ ውስጥ የሚኖሩትን ነፍሳት ማጥናታቸውም ዋጋው ቀላል አይደለም። የዚህ ጋዜጣ አቋም ግን ካቡ የግማሽ መንገድ ነው የሚል ነው።

ምክንያቱ የንቧ ጠባይ ነው። ማር ሠሪዋ ንብ ቀለብ ፍለጋ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ርቃ ትበርራለች፤ ካስፈለጋትም ከዚያ ታልፋለች። ካብ ለበሬ እንጂ ለእሷ ድንበር አይደለም። ጎጆዋ በአጸዱ ውስጥ ቢሆንም ምግቧ ከካቡ ውጭ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩት ጥቃቅን የዱር ንቦች ደግሞ በተቃራኒው ከጥቂት መቶ ሜትር በላይ አይሄዱም፤ በሁለት ደን መካከል አበባ የሌለው ሰፊ ማሳ ከተዘረጋ እያንዳንዱ ደን እስር ቤት ይሆንባቸዋል። ጣዝማን እናስብ። ማሯን ለመድኃኒት የምንፈልጋት፣ ጉድጓድ ውስጥ የምትኖር፣ የማትናደፍ ፍጡር ናት፤ ማረሻ የነካው መሬት ላይ ጎጆዋ አይተርፍም። እንግዲህ ለአንዷ ማሳው፣ ለሌላዋ የማሳው ዳር፣ ለሦስተኛዋ ያልታረሰው ቁራሽ መሬት የግድ ያስፈልጋል።

ማሳው ላይ ያለውን እናውቃለን። ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ለይቶ የሚያጠፋው ቱ ፎር ዲ ዛሬ በየገበያው የሚሸጥ ነው። ከሚያጠፋቸው መካከል መጭና አደይ ይገኙበታል፤ ለጤፉ አረም፣ ለንቧ የጥቅምት ቀለብ ናቸው። የጫት፣ የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ ላይ ደግሞ ፀረ ተባይ የሚረጨው ብዙ ጊዜ በጠራራ ፀሐይ፣ ንቧ ሥራ ላይ ባለችበት ሰዓት ነው። ቀፎው ባዶ ሲሆን ንብ አናቢው ጎረቤቱን ይጠረጥራል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ማስረጃ ግን የለም።

ገበሬውን ለመውቀስ አንቸኩል። የአረማሚ ጉልበት ተወዷል፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ አንድ ጠርሙስ ኬሚካል የአሥር ሰው የቀን ሥራ ይተካለታል። ይከልከል ብለን ብንጽፍ የሚሰማን የለም፤ ቢሰማንም ትክክል አንሆንም። የምንለው ሰዓቱና ቦታው ይለይ ነው። ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ወዲያ ቢረጭ ኬሚካሉ በአበባው ላይ ያለችውን ንብ በቀጥታ አያገኛትም። ያበበ ሰብል ላይ አለመርጨት፣ ለጎረቤት ንብ አናቢ ከዋዜማው መንገርና ከማሳው ዳር ሁለት እርምጃ የሚያህል ሳይረጩ መተው ገበሬውን ብዙ አያስከፍለውም። ይህን የሚነግረው የልማት ሠራተኛ ግን መኖር አለበት። ዛሬ ስለ ኬሚካሉ አጠቃቀም ለገበሬው ብዙ ጊዜ የሚነግረው ሻጩ ነው።

ሕግ የለም አይባልም። የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002 አለ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለ። ሁለቱም በአንድ ዓመት የወጡ ናቸው። የጎደለው አዋጁን ቀበሌ ድረስ ይዞ የሚወርድ፣ በሱቁ መደርደሪያ ላይ የቆመውን ጠርሙስ የሚያይ፣ ንቡ ያለቀበት ሰው ሲያመለክት ናሙና ወስዶ የሚያስመረምር አካል ነው።

የጣና ሐይቅ አካባቢ በዩኔስኮ የባዮስፌር ክምችት ሆኖ ከተመዘገበ ከሰኔ 2007 ዓ.ም. ወዲህ ዓመታት ተቆጥረዋል። ጠቅላላ ስፋቱ ወደ 696 ሺህ ሄክታር ሲሆን፣ በጥብቅ እንዲጠበቅ የተለየው እምብርቱ 23 ሺህ ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ሰው የሚኖርበትና የሚሠራበት የሽግግር ቀጠና ነው። ምዝገባው ራሱ፣ ጥበቃ ማለት ሰውን ማስወጣት አይደለም ብሎ ፈርሟል ማለት ነው። እስካሁን ግን የጣና ጉዳይ ሲነሳ ጆሯችን የሚቆመው ሐይቁን ለወረረው የእምቦጭ አረም ነው። እምቦጭ ይገባዋል፤ ይሁንና ከሐይቁ ወደ ማሳው መለስ ማለትም ያስፈልጋል።

ከማሳው ጋር ተስማምቶ የሚኖር ጥበቃ ምን እንደሚመስል ለማየት ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ መሄድ ይበቃል። እዚያ የሚገኘው የዘጌ ልሳነ ምድር አይታረስም። ከብትም አይረባበትም። ሥርዓቱን ያቆሙት አቡነ በትረ ማርያም እንደሆኑ በትውፊት ይነገራል፤ ሕዝቡ ያለ በሬና ያለ ማረሻ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ይኖራል። ለብዙ መቶ ዓመታት መሬቱ ስላልተገለበጠ ለምድር ውስጥ ንቦች ከዘጌ የተሻለ ቦታ በአካባቢው ማግኘት ያስቸግራል። ግን ዘጌን እንደ ገነት ሥዕል አድርጎ ማቅረብ ሐሰት ነው። የቡና ዋጋ ሲወድቅ ወይም ተባይ ሲያጠቃው የዘጌ ሰው የሚሸጠው እንጨት ነው። በታንኳ ተጭኖ ባሕር ዳር የሚወርደው ማገዶ የከተማውን ሰው እንጀራ ይጋግራል። ስለዚህ የዘጌን ዛፍ መቁረጥ የምንኮንን የባሕር ዳር ነዋሪዎች መጀመሪያ ምጣዳችን በምን እንደሚሞቅ ብንጠይቅ መልካም ነው።

ባሕር ዛፍ ለንብ ጠላት አይደለም፤ አበባው ማር ይሰጣል፣ ንብ አናቢዎችም ይህን ያውቃሉ። ችግሩ የአጸዱን ዳር እየተከተለ አገር በቀሉን ሲተካ ነው። ብሳና፣ ግራዋና ዋንዛ በየተራ የሚያብቡ ናቸው፤ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ሲሆን ግን ንቧ አንድ ወር ጠግባ ሌላውን ወር ትራባለች። በደኑ ዙሪያ መሬት ያለው ገበሬ ዳሩን በአበባ ሰጪ ዛፍና ቁጥቋጦ ቢያለብስ፣ በምላሹ ቀፎ ቢሰጠውና ማሩን የሚገዛው ማኅበር ቢኖር መሬቱን ሳያጣ ጠባቂ ይሆናል። መሬቱን በመቀማት ግን አንድም ንብ አትድንም። የክልሉ መሬት ቢሮ ደግሞ የየአጸዱን ወሰን በካርታ ለይቶ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ያልደረሳቸውን ሊያዳርስ ይገባል። ካብ የተካበለትም ያልተካበለትም ደን ወሰኑ በወረቀት ካልታወቀ የሚቀጥለው የድንበር ክርክር ደኑን ይበላዋል።

ጥናቱን በተመለከተ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አጠገባችን ነው። የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከልም ሩቅ አይደለም፤ በማር ንብ ረገድ የሆለታ ምርምር ማዕከል ልምድ አለ። ከማር ንብ ውጭ ያሉት ነፍሳት፣ ማለትም ጣዝማ፣ የዱር ንቦች፣ አበባ ላይ የሚያርፉ ዝንቦችና ተርቦች፣ ቢራቢሮዎች ግን አንድ ጊዜ ተሰብስበው ሙዚየም መግባታቸው አይበቃም። በተመሳሳይ ደኖች፣ በተመሳሳይ ወራት፣ ዓመት ጠብቆ የሚደገም ቆጠራ ያስፈልጋል። አለበለዚያ እየቀነሱ ይሁን እየጨመሩ የሚናገር ሰው አይኖርም። ቆጣሪዎቹ ከከተማ የሚሄዱ ተማሪዎች ብቻ መሆን የለባቸውም። ዓመቱን ሙሉ በደኑ ውስጥ የሚኖሩት መነኮሳቱና የቆሎ ተማሪዎቹ፣ በአጠገቡ የሚኖሩት ንብ አናቢዎችና የአካባቢው መምህራን ሠልጥነው ቢመዘግቡ ጥናቱ በጸጥታ ችግር መንገድ በተዘጋ ጊዜ ሁሉ አይቋረጥም፤ ባለፉት ዓመታት መንገድ መዘጋት ምን እንደሚያስቆም አይተናል። ውጤቱም በእንግሊዝኛ መጽሔት ታትሞ ከመቅረቱ በፊት በአማርኛ ተጽፎ ወደ ደብሩና ወደ ቀበሌው ይመለስ። መረጃውን የሰጠ ሰው የመጀመሪያው አንባቢ መሆን ይገባዋል።

ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት አይጠናቀቅም። የሚቀድመውን ግን መለየት ይቻላል። የዞኖቹ በጀት የሚደለደለው ሐምሌ ላይ ነው፤ የጤፍ አረም ርጭት የሚበዛው ደግሞ ነሐሴ ላይ። የክልሉ ግብርና ቢሮ የርጭት ሰዓትንና የማሳ ዳርን የሚመለከት አንድ ገጽ መመሪያ ከዚያ በፊት በየቀበሌው ይለጥፍ፤ ኬሚካል ሻጮችም ከደረሰኛቸው ጋር አያይዘው እንዲሰጡ ያዝዝ። ዩኒቨርሲቲው ቆጠራውን የሚጀምርባቸውን የመጀመሪያ አጸዶች ከሀገረ ስብከቶቹ ጋር ሆኖ እስከ ጳጉሜን ይምረጥ፤ ስማቸውንም ለሕዝብ ያሳውቅ።