ኮረብታችንን ራሳችን እንከልል

የደባርቅና የዳባት ልጆች፣ በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ግጭ ሲነድ ቀድሞ የደረሰው ማን እንደነበር ታውቃላችሁ። ሄሊኮፕተሩና የእስራኤል ባለሙያዎች ከመምጣታቸው በፊት ቅጠል ቆርጦ፣ አፈር በትኖ ነበልባሉን የገጠመው የአገሩ ሰው ነው። ታዲያ ይህ ጉልበት እሳት ሲነሳ ብቻ ለምን ይታያል?

ፓርኩስ ስካውቶች አሉት። ከፓርኩ በታች ያለው ተዳፋት፣ ከሊማሊሞ እስከ ዳባት ኮረብቶች ድረስ፣ ጠባቂው ማን ነው? ወይራው ለከሰል፣ ጽዱ ለአጥር እየተቆረጠ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ አፈራችን በየፈፋው ወደ ተከዜ ይወርዳል። ደን የቀረው በየደብሩ ቅጥር ግቢ ነው፤ እሱም የተረፈው ምእመኑ ስለሚያከብረው እንጂ ዘበኛ ስለቆመበት አይደለም።

የመንዝን ጓሳ አስቡ። የቀደምት አባቶቹ የአስቦና የጌራ ልጆች ያን ሰፊ የሣር ምድር ለ400 ዓመታት ያህል በራሳቸው ሕግ ጠብቀውታል። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል። ሣሩ እስኪጠና ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋ ነበር፤ በመረጧቸው አለቆች ፈቃድ ሲከፈት ሁሉም ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነውን ያጭድ ነበር። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም በዚያው ኖረዋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ሣሩም ተጎዳ። የመንዝ ሰው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መለሰ።

እኛም ኮረብታችንን እንከልል ሲባል ከብቶቻችን የት ይሰማሩ የምትሉ፣ ጥያቄያችሁ እውነተኛ ነው። የግጭ ነዋሪዎች ለፓርኩ ሲባል ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ገብተዋል፤ የጥበቃ ዋጋ በጥቂቶች ትከሻ ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚመስል ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሕጉን የምናወጣው እኛው እንሁን። በተከለለው ቦታ ሣሩ ይታጨድ፤ በሬ የሌላትም መበለት ድርሻዋን ታግኝ፤ የደረቀ እንጨት የሚለቀምበት ቀን ይቆረጥ። ድሃው የማይጠቀምበት ክልል አንድ ክረምት አይሻገርም።

ሽማግሌዎች፣ ወሰኑን እናንተ አመልክቱ። ወጣቶች፣ በጅጌ ወጥታችሁ እርከን ሥሩ፣ በሰኔ ኮሶና ወይራ ትከሉ፣ ጥበቃውን በተራ ያዙ። እናቶች፣ ማገዶ የምትለቅሙት እናንተ ናችሁና ያለ እናንተ ድምፅ ደንብ አይጽደቅ። መምህራን፣ የተስማማንበትን በጽሑፍ አስፍራችሁ ለቀበሌው አድርሱልን።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ይህን የመጀመሪያ አጀንዳ አድርጉት። ሳትበተኑ አንድ ኮረብታ ምረጡ፣ የመጀመሪያዎቹን ተረኛ ጠባቂዎችም ሰይሙ።