የሁለት ብዕር ቀለም በአንድ ሰነድ ላይ

በመሐል ሜዳ ገበያ በግ፣ ገብስና ባና የሚነግድ ሰው ከገንዘቡ ይልቅ በቃሉ ብዙ ሥራ ሲሠራ የኖረ ነው። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2472 እንደ ደነገገው፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ አይችልም። ወረቀት ይህን ያህል ሥልጣን ካለው ወረቀቱን የሚያበላሽ ሰው መነሣቱ አይቀርም። «አምስት ሺህ» ከሚለው ፊት ባዶ ስፍራ ከተገኘ «አሥራ» የምትለውን ቃል ለመጨመር አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ዕዳውም ሦስት እጥፍ ይሆናል።

እንዲህ ያለውን ጭማሪ ዓይን ባይለየው መሣሪያ ሊለየው ይችላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1800 ዊልያም ኸርሼል የተባለው ሊቅ ከቀይ ብርሃን ወዲያ ለዓይን የማይታይ፣ በሙቀት መለኪያ ግን የሚታወቅ ጨረር መኖሩን ገለጠ፤ ኢንፍራሬድ የሚባለው ይህ ነው። ከዚህም ውስጥ ለቀዩ የሚቀርበው፣ ይኸውም ከ780 እስከ 2,500 ናኖሜትር ያለው ክፍል በሰነድ ላይ ሲበራ፣ ቀለሙም ወረቀቱም በየጠባዩ ከፊሉን ውጦ ከፊሉን ይመልሳል። መሣሪያው የተመለሰውን በየሞገዱ ርዝመት ለክቶ የተራራ ሰንሰለት የመሰለ መስመር ይነድፋል። ሁለት ሰማያዊ እስክሪብቶዎች ለዓይን መንታ ቢመስሉም መስመራቸው ሊለያይ ይችላል። ብዙው የእስክሪብቶ ቀለም በዚህ ብርሃን ሲታይ ጠፍቶ ወረቀቱ ብቻ ይቀራል፤ ጥቀርሻ ያለበት ቀለም ግን እንደ ጠቆረ ይኖራል። አባቶች ለብራና ጽሕፈት ከጥቀርሻ ያዘጋጁት የነበረው ጥቁር ቀለም ከዚሁ ወገን መሆኑን ልብ ይሏል። ምርመራው ሰነዱን አይቆርጥም፣ አያረጥብም፤ እንደ ተሰጠ ይመልሰዋል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «እንግዲህ አጭበርባሪ አበቃለት» ይላሉ። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። መሣሪያው የሚመሰክረው ሁለት ዓይነት ቀለም መኖሩን እንጂ ማን እንደ ጻፈ፣ ለምንስ እንደ ጻፈ አይደለም። በገበያ ቀን፣ በግርግር መካከል፣ እስክሪብቶ ሲነጥፍ ጸሐፊው የጎረቤቱን ተውሶ ውሉን ይጨርሳል፤ ይህ በየሱቁ የሚታይ ነው። ያው የቅን ሰው ሰነድ ከዓመታት በኋላ ቢመረመር ሁለት መስመር ይወጣበታል፤ ንጹሑም ነጋዴ በሐሰተኛነት ይጠረጠራል። በአንጻሩ ብልጡ በዚያው እስክሪብቶ ጨምሮ እንደ ሆነ መሣሪያው ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ የቀለም መለያየት ብቻውን ሰውን ሊያስፈርድበት አይገባም፤ ከምስክሮች ቃልና ከእጅ ጽሑፉ ጋር ተያይዞ ይመዘን።

በአዲስ አበባ የፌዴራል ፖሊስ የፎረንሲክ ክፍል ሰነድ ይመረምራል። ይሁን እንጂ ከመንዝ ደጋ ወደዚያ የሚላክ ወረቀት ዕድሉ የሚወሰነው አስቀድሞ በሱቁ ውስጥ ነው። ዋናውን ጥሎ ፎቶኮፒውን ያኖረ ነጋዴ የሚያስመረምረው ቀለም የለውም፤ በኮፒው ላይ ያለው የማሽኑ ዱቄት ነውና። ዋናውን በላስቲክ ማሸግም ለጥንቃቄ ተብሎ የሚደረግ ቢሆንም በቀለሙና በመሣሪያው መካከል ሌላ ነገር ያስገባል። የንግድ ምክር ቤቱ ለአባሎቹ አንድ ወጥ የዱቤ ቅጽ አሳትሞ ቢያድል መልካም ነበር። ቅጹ ገንዘቡ በአኃዝም በፊደልም የሚጻፍበት፣ ከቃሉ ፊትና ኋላ ባዶ ስፍራ የማይተውበት ይሁን፤ ብዕር በተለወጠበትም መስመር ትይዩ ሁለቱ ወገኖች በኅዳጉ ላይ ይፈርሙበት።