ከባንዲራው በፊት መዝገቡ፦ የቱኒዚያ ረጅም ትምህርት

እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 1881 ከሰዓት በኋላ የፈረንሳዩ ጄኔራል ብሬያር ወታደሮቹን አሰልፎ ከቱኒስ ከተማ ወጣ ብሎ ወደሚገኘው የቀስር ሰዒድ ቤተ መንግሥት ደረሰ። ለአገሪቱ ገዢ ለመሐመድ አስ-ሳዲቅ ቤይ አስቀድሞ የተዘጋጀ ውል አቀረበለት፤ ለማሰቢያ የሰጠውም ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነበር። ቤዩ በዚያው ምሽት ፈረመ። በተለምዶው አተራረክ የቱኒዚያ ነፃነት የተገፈፈው በዚያ ምሽት፣ የተመለሰው ደግሞ ማርች 20 ቀን 1956 ነው። ሁለቱም ቀኖች በሰነድ የተረጋገጡ ናቸው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ከነገሩ ዘግይቶ የመጣ፣ ሁለተኛው ከነገሩ ቀድሞ የታወጀ ነው። ቱኒዚያ ሉዓላዊነቷን ያጣችው ወታደር ከመድረሱ በፊት በሒሳብ መዝገቧ ላይ ነው፤ ባንዲራዋ ከተሰቀለም በኋላ መዝገቡን ለማስመለስ ተጨማሪ ዓመታት ፈጅቶባታል።

ይህ ታሪክ በዘመናዊው ቅኝ ግዛት አይጀምርም። ከጢሮስ የመጡ ፊንቄያውያን በ814 ዓመተ ዓለም እንደመሠረቷት የሚነገርላት ካርቴጅ በንግድ የበለጸገች ከተማ ነበረች። ከሮም ጋር ያደረገችው የመጀመሪያው ጦርነት በ241 ዓመተ ዓለም በሽንፈት ሲያበቃ 3,200 ታላንት ብር እንድትከፍል ተፈረደባት። ለቅጥር ወታደሮቿ የሚሆን ደመወዝ ስላጣች ወታደሮቹ ዐመፁባት፤ ሮምም ቀውሱን ተጠቅማ ሰርዲኒያን ነጠቀቻት። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ፣ በ201 ዓመተ ዓለም፣ የተጣለባት ካሣ በ50 ዓመት የሚከፈል 10,000 ታላንት ነበር። ከካሣውም የከበደው በውሉ የሰፈረው ክልከላ ነው፤ ካርቴጅ ያለ ሮም ፈቃድ ጦርነት መግጠም አትችልም ነበር።

በጦር ሜዳ ስሙ የገነነው ሐኒባል በ196 ዓመተ ዓለም የከተማዋ ከፍተኛ ሹም ሆኖ ሲመረጥ ያጋጠመው ጠላት በጦር የሚመታ አልነበረም። የግምጃ ቤቱን መዝገብ ሲመረምር የጎደለው የአገሪቱ ሀብት ሳይሆን በሹማምንት እጅ የተመዘበረው ገንዘብ መሆኑን ተረዳ። የተሰረቀው ከተመለሰ በሕዝቡ ላይ አዲስ ግብር ሳይጣል ካሣውን መክፈል እንደሚቻል አሳየ። ጥቅማቸው የተነካባቸው መኳንንት ግን ከባዕድ ንጉሥ ጋር ይዶልታል ብለው ለሮም ከሰሱት፤ በ195 ዓመተ ዓለም አገሩን ጥሎ ሸሸ። ካርቴጅ ዕዳዋን ከፍላ የጨረሰችው በ151 ዓመተ ዓለም አካባቢ ነው። ሦስተኛው ጦርነት ከሁለት ዓመት በኋላ ተጀመረ፤ በ146 ዓመተ ዓለምም ከተማዋ ፈረሰች። ዕዳን በወቅቱ መክፈል ብቻውን ሉዓላዊነትን እንደማያስከብር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ ገዢዎች ተፈራረቁ። ሮም የአገሪቱን እህልና የወይራ ዘይት ለራሷ አደረገች። ቫንዳሎች በ439 ዓ.ም. ካርቴጅን ያዙ፤ ቢዛንታይን በ533 አስመለሰች፤ ዐረቦች በ670 ቃይረዋንን ቆረቆሩ። የአግላቢዶች፣ የፋጢሚዶችና የሐፍሲዶች ሥርወ መንግሥታት ከነገሡ በኋላ በ1574 ኦቶማኖች መጡ። በ1332 በቱኒስ የተወለደው ኢብን ኻልዱን የዚህን መፈራረቅ ምክንያት ሲመረምር፣ ሥርወ መንግሥት ሲጀምር ከትንሽ ግብር ብዙ ገቢ እንደሚሰበስብ፣ ሊወድቅ ሲቃረብ ግን ከከባድ ግብር ትንሽ ገቢ ብቻ እንደሚያገኝ ተገንዝቦ ነበር። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ የትውልድ አገሩ ግንዛቤውን በራሷ ላይ አረጋገጠች።

የ19ኛው መቶ ዘመን ቱኒዚያ ኋላ ቀር አልነበረችም። አሕመድ ቤይ በ1846፣ ፈረንሳይ በቅኝ ግዛቶቿ ካደረገችው ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ ባርነትን አገደ። በ1861 የወጣው ሕገ መንግሥትም በዐረቡ ዓለም የመጀመሪያው ነው። ሹማምንትን የሚቆጣጠር 60 አባላት ያሉት ምክር ቤት ተቋቋመ፤ የምክር ቤቱ አባላት ግን የተሾሙ እንጂ የተመረጡ አልነበሩም። ተጠያቂው ራሱ ጠያቂውን በሚመርጥበት ሥርዓት ቁጥጥር ስም ብቻ ይሆናል። ፕሬዚዳንቱ ኸይረዲን ይህን አይቶ በ1862 ከሥልጣኑ ለቀቀ።

የሆነው እንደተፈራው ነው። ከ1837 ጀምሮ ግምጃ ቤቱን በእጁ ያደረገው ሙስጠፋ ኻዝነዳር በ1863 ከፓሪሱ የኤርላንዤ ባንክ በስም 35 ሚሊዮን ፍራንክ የሚደርስ ብድር ተዋዋለ። ቅናሹና የደላላው ድርሻ ተቆርጦ ለአገሪቱ የደረሰው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ብድሩን ለመክፈል መንግሥት የነፍስ ወከፍ ግብሩን ከ36 ወደ 72 ፒያስትር ለማሳደግ ሲወስን፣ በ1864 አገሬው በዓሊ ቢን ግዳሂም መሪነት ተነሣ። ዐማፅያኑ ግብሩ እንዲነሣ ብቻ ሳይሆን ሕገ መንግሥቱም እንዲሻር ጠየቁ። ለገበሬው አዲሱ ሥርዓት ከግብር ሰብሳቢ የተለየ ፊት አሳይቶት አያውቅምና ጥያቄው አያስገርምም። ሕገ መንግሥቱ ታገደ፤ ዕዳው ግን ቀጠለ። በ1869 የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የጣሊያን አበዳሪዎች የተወከሉበት ዓለም አቀፍ የገንዘብ ኮሚሽን የአገሪቱን ገቢ መቆጣጠር ጀመረ። በ1870 ዕዳው ተጠቃሎ 125 ሚሊዮን ፍራንክ ሆነ።

ኸይረዲን በ1873 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ተመለሰ፤ አስተዳደሩን አስተካከለ፤ በ1875 የሳዲቂን ኮሌጅ መሠረተ። በ1877 ግን ከሥልጣኑ ተነሣ። ልክ እንደ ሐኒባል መዝገቡን የከፈተው ሰው ወጣ፤ መዝገቡም ተመልሶ ተዘጋ።

በዚህ ትንታኔ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፦ ኃያላኑ በ1878 በበርሊን ጉባኤ ዕጣዋን ስለተነጋገሩበት፣ ቱኒዚያ ሒሳቧ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን መያዟ አይቀርም ነበር የሚል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ካርቴጅም ከፍላ ፈርሳለች። ነገር ግን የኃያላን ፍላጎት በየአገሩ እኩል አልተሳካም። ግብፅ በ1875 በጉንደት፣ በማርች 1876 በጉራዕ በዐፄ ዮሐንስ ጦር ተሸንፋ በቀጣዩ ወር የዕዳ ክፍያዋን አቋረጠች። ጦርነቱ የዕዳዋ ዋና ምንጭ አልነበረም፤ ሸክሟን ግን አከበደው፤ በ1882 እንግሊዝ ያዘቻት። የአበዳሪዎች ኮሚሽን ያልተተከለባት ኢትዮጵያ ግን በዚያ ዘመን ወራሪን በጦር ሜዳ ገጥማለች። ዕዳ ወራሪን አይፈጥርም፤ በሩን ግን ከውስጥ ይከፍትለታል።

ፈረንሳይም ይህን በሚገባ ታውቅ ነበር። የ1881 ውል ጦሯን አስገባላት፤ የ1883ቱ የላ ማርሳ ስምምነት ደግሞ ሞግዚትነቷን አጸና። ፈረንሳይ ለ125 ሚሊዮኑ ፍራንክና እስከ 17.55 ሚሊዮን ለሚደርሰው ተንሳፋፊ ዕዳ ዋስ ሆነች፤ ቤዩ ደግሞ ከእንግዲህ ያለ ፈረንሳይ ፈቃድ እንዳይበደር ታገደ። ሐኒባልን የገጠመው ዐይነት ክልከላ፣ በጦርነት ፈንታ በብድር ላይ ተጽፎ፣ ተመለሰ።

ነፃነቱ የተመለሰውም በተመሳሳይ መንገድ ነው። በ1934 የተመሠረተው ኒዮ ደስቱርና በ1946 የተቋቋመው የሠራተኞች ማኅበር ትግሉን ወደ ገበሬውና ወደ ወዛደሩ አወረዱት፤ የማኅበሩ መሪ ፈርሃት ሐሺድ በ1952 ሕይወቱን ከፈለበት። በ1955 የውስጥ አስተዳደር፣ በ1956 ነፃነት መጣ። ማዕከላዊ ባንኩና ዲናሩ ግን የ1958 ሥራ ናቸው። የመጨረሻው የፈረንሳይ ወታደር ከቢዜርት የወጣው በ1963 ነው። በሰፋሪዎች እጅ የነበረው የእርሻ መሬት የተወረሰው ሜይ 12 ቀን 1964፣ ልክ የውሉ ፊርማ በሚታወስበት ዕለት ነው፤ ፈረንሳይም በምላሹ ዕርዳታዋን አቋረጠች።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ የሩቅ ታሪክ አይደለም። አገሪቱ በ2021 በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ የዕዳ ሽግሽግ ጠይቃ፣ በዲሴምበር 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀርታለች። ዛሬ የሚመጣ የጦር መርከብ የለም፤ ዘመኑም ተለውጧል። ይሁን እንጂ በውጭ ያለው የፖሊሲ ባለሙያ ውይይት በአብዛኛው የሚያጠነጥነው በወለድ ምጣኔና በመክፈያ ጊዜ ላይ ነው። ቱኒዚያ የምታስተምረው ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ እንዳለ ነው፦ የብድር ውሎቹን ከመፈረማቸው በፊት ማን ያያቸዋል? የሚያያቸው ምክር ቤትስ እምቢ ማለት ይችላል? የ1861ዱ ምክር ቤት ሕንፃም፣ አባላትም፣ ሕግም ነበረው። ያልነበረው በ1863 ያንን ብድር የማስቆም ሥልጣን ነው።