ዱቄቱን ከመግዛታችን በፊት

ባለፈው ዐቢይ ጾም ለእማዬ የፕሮቲን ዱቄት ገዛሁላት። እዚህ አትላንታ የምትሠራው ማታ ማታ ነው፤ ጾም ሲገባ በጣም ይደክማታል። ዕቃው ላይ አስፈላጊዎቹ አሚኖ አሲዶች ሁሉ እንዳሉበት ተጽፏል። «ሥጋ ስለማትበይ አሚኖ አሲድ አንሶሽ ነው» አልኳት። ነርሲንግ የምማር ልጇ ስለሆንኩ አመነችኝ።

ሁለት ሳምንት ጠጣችው። አንድ ቀን ዕቃውን እያገላበጠች «ይሄ ዌይ የሚለው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቃሉን ጂም ውስጥ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ፤ ከምን እንደሚሠራ ግን ጠይቄ አላውቅም። ስልኬ ላይ ፈለግሁት። አጓት ማለት ነው። ኩባያውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሳታውቅ አስገደፍኳት።

ከዚያ በኋላ ነው የሥነ ምግብ መጽሐፌን ደህና አድርጌ ያነበብኩት። ሰውነታችን ራሱ መሥራት ስለማይችል የግድ ከምግብ የምናገኛቸው አሚኖ አሲዶች 9 ናቸው። ጤፍን ጨምሮ እህል ላይሲን የሚባለው ያንሰዋል። ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ላይሲን አላቸው፤ የሚያንሳቸው ሜታዮኒን ነው፤ እሱን ደግሞ እህሉ ይሰጣል። እንጀራ በሽሮ ስንበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። አንድ ማዕድ ላይ መሆኑም ግዴታ አይደለም፤ በቀኑ ውስጥ ሁለቱንም መብላት ይበቃል። ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ፕሮቲን በኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ገደማ ነው፤ 65 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 52 ግራም ማለት ነው።

ታዲያ የእማዬን ምግብ ሳይ፣ ሽሮው ቤት ተቀምጦ እሷ ሥራ ላይ በሻይና በዳቦ ነበር የምታድረው። ይህን ሳልጠይቃት ነው ሱቅ የሮጥኩት።

ብዙዎቻችን ለወላጆቻችን እንዲህ እናደርጋለን፤ ፍቅር ነው፣ ግን ጥያቄ ይቅደም። አሜሪካ ውስጥ በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት ኤፍዲኤ ሰፕልመንቶችን ገበያ ከመውጣታቸው በፊት መርምሮ አያጸድቅም። ኩላሊቱን ለታመመ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ፕሮቲን ሊጎዳው ይችላል።

ሰፕልመንት ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ቫይታሚን ቢ12 ሽሮም ጎመንም ውስጥ አይገኝም። ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን ለዓመታት የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ፣ ባይጾሙም፣ ሊያንሳቸው ይችላል። ማነሱ በደም ምርመራ ይታወቃል። ድካም ከደም ማነስም ከእንቅልፍ እጦትም ሊመጣ ስለሚችል በግምት ከመግዛት መመርመር ይሻላል። ወላጆቻችን የሚወስዱትን ሁሉ፣ ዱቄቱንም ጭምር፣ ለሐኪማቸው ይንገሩ።

አሁን እማዬ ሽሮዋን በምሳ ዕቃ ይዛ ትሄዳለች። ለደም ምርመራ ቀጠሮ አስይዤላታለሁ። ላስተረጉምላት አብሬያት እሄዳለሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ቃላቱን ቀድሜ አጠናለሁ።