ውሃው ከግቢያችን ወጥቶ የት ይሂድ?

ክረምት ሲገባ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ ይጀመራል። አንዱ አካፋ ይዞ ግቢው ውስጥ ቦይ ይቆፍራል። ሌላው በማዳበሪያ ከረጢት አፈር ሞልቶ በሩ ሥር ይደረድራል። ሦስተኛው ገረጋንቲ የጫነ ሲኖትራክ ያስገባል። ሦስቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ውሃው ከእኔ ግቢ ይውጣልኝ። ወጥቶ የት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ በየዓመቱ ወጪ እያወጣን በየዓመቱ የምንጥለቀለቀው ይህንን ጥያቄ ስለምንዘለው ነው።

መጀመሪያ የቦታውን ነገር እናንሳ። ሦስቱ ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም የውሃ ጠባያቸው ይለያያል። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ከወጨጫ ተራራ ግርጌ ናት፤ ከተማው ላይ ባይዘንብም ተራራው ላይ ከጣለ ውሃው መምጣቱ አይቀርም። ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ዳገትና ቁልቁለት ይበዛባታል፤ ውሃው ይፈጥናል፣ አፈር ይጠርጋል፣ አጥር ይገፋል። ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ የተዘረጋች ሜዳ ናት። እዚያ ውሃ አይሮጥም፤ ይተኛል። እንጦጦ ራሱ የውሃ ድንበር ነው፦ ቡራዩና ሰበታ ላይ የጣለው ወደ አዋሽ ሲወርድ፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ የጣለው በሙገር በኩል አባይ ይገባል። ስለዚህ ቡራዩ ያለ ጓደኛችሁ ግቢ የሠራው ዘዴ ሱሉልታ ላይ ባይሠራ አይግረማችሁ።

ሁለተኛው ነገር አፈሩ ነው። በእነዚህ ከተሞች ሜዳማ ቦታዎች ብዙ ጊዜ የምናገኘው ጥቁር አፈር፣ ዋልካ የምንለው ነው። በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ስንጥቁን ራሱ ይደፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ እንደ ልብ አያሳልፍም። "ጉድጓድ አስቆፍሬ ድንጋይ ሞላሁበት፣ ግን ሞልቶ ቁጭ አለ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው። ብር ከማውጣታችሁ በፊት ቀላል ፈተና አለ። አፈሩ ዝናብ ከጠገበ በኋላ አንድ ክንድ ያህል ቆፍሩ፣ ውሃ ሙሉበት፣ ዝናብ እንዳይገባበት ክደኑት፣ በማግስቱ እዩት። ውሃው አሁንም ካለ ያ ቦታ ማስረጊያ ጉድጓድ አይሆንም።

የሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ይህንን አፈር ከማናችንም በላይ ያውቁታል። ከፍ ያለ መደብ በእጃቸው እየሠሩ፣ በመካከሉ ቦይ እያወጡ ማሳውን ያጠነፍፋሉ። መሬቱ ውሃውን እስኪጠጣው አይጠብቁም፤ መውጫ መንገድ ያበጁለታል። ለግቢያችንም የሚያዋጣው ይሄው ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የጣለ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያችሁ 100 ካሬ ሜትር ነው እንበል። በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ከቆርቆሮው ላይ ብቻ 3,000 ሊትር ይወርዳል ማለት ነው፤ ባለ 200 ሊትር 15 በርሜል። በአንድ ቅያስ 20 ቤት ካለ 60,000 ሊትር፣ 300 በርሜል ሆነ። ግቢው ሲሚንቶ ከለበሰ ደግሞ ድሮ ሣሩና አፈሩ ያስቀረው የነበረው ውሃም ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ ወዴት ይሄዳል? ቅያሱ መጨረሻ ላይ፣ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ወዳለው ቤት ነዋ።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ክፍል ውስጥ "ኤክስተርናሊቲ" የሚባል ነገር ነበር፦ አንድ ሰው ለራሱ ጥቅም የሚያደርገው ነገር ወጪውን ሌላ ሰው ላይ ሲጥል። መምህራኖቻችን ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ጭስ ነበር የሚጠቅሱት። ከዚያ የተሻለው ምሳሌ ግን ገረጋንቲ ነው። አንዱ ግቢውን 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያደርጋል፤ ውሃው ወደ ጎረቤት ይዞራል። ጎረቤት በቀጣዩ ዓመት 50 ያደርጋል። ሦስተኛው 60። ሁሉም ብሩን አወጣ፣ የወረደው ውሃ ግን አንድ ጠብታ አልቀነሰም። የተቀየረው የሚተኛበት ቤት ብቻ ነው። እሽቅድምድሙ የሚያበቃው ገረጋንቲ መግዛት የማይችለው ሰው ጋ ነው፤ ጡረተኛዋ እናት ቤት፣ ወይም ዋናው ቤት ከፍ ሲል ከኋላ ዝቅ ብላ የቀረችው ሰርቪስ ውስጥ። ያቺን ሰርቪስ ተከራይተን የምንኖረው ደግሞ ብዙዎቻችን ነን።

ይህ የጉርብትና ወግ ብቻ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን የሚያውክ ወይም የሚጎዳ ነገር እንዳያደርግ ይከለክላል። ፍርድ ቤት ሂዱ እያልኩ አይደለም። ቱቦን በአጥር አሹልኮ ጎረቤት ግቢ መልቀቅ መብት እንዳልሆነ ግን ይታወቅ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሚቀለው እንጀምር።

አንደኛ፣ ዝናብ ሲጥል ስልካችሁን አውጡና ቅረጹ። ውሃው ከየት ገባ፣ የት ተኛ፣ በየት ወጣ? የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ በጋ ላይ ከሚመጣ ባለሙያ ግምት ይበልጣል። ስልካችሁ ላይ የውሃ ልክ መተግበሪያም ታገኛላችሁ። ለረጅም ርቀት ግን ግንበኞች የሚጠቀሙበት፣ ውሃ የተሞላ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ የበለጠ ይታመናል።

ሁለተኛ፣ ውሃ ከግድግዳ መራቅ አለበት። ከቤቱ ጥግ ያለው መሬት ወደ ውጭ ያዘንብል። ቦይ ስትሠሩ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይሂድ። ሲሚንቶ ለማስለበስ ካሰባችሁም ተዳፋቱን አስቀድማችሁ አስለኩ፤ ከደረቀ በኋላ ማስተካከል ማለት ማፍረስ ነው።

ሦስተኛ፣ የጣሪያውን ውሃ ያዙት። በእኛ አካባቢ የሚያሳዝነው ነገር፣ በግንቦት ውሃ በጄሪካን የሚገዛ ሰው በነሐሴ ውሃ ከቤቱ በባልዲ እየቀዳ ሲደፋ ማየት ነው። አሸንዳ ተሰቅሎ ወደ ሮቶ ቢገባ ለልብስ፣ ለጽዳት፣ ለመጸዳጃ ይሆናል። የመጀመሪያው ዝናብ የቆርቆሮውን አቧራ ስለሚያጥብ እሱን ማስወጣት ነው። እውነቱን ለመናገር ሮቶ ብቻውን ጎርፍ አያስቀርም፤ ባለ 2,000 ሊትሩ ከላይ በሠራነው ሒሳብ አንድ ዝናብ እንኳ አይችልም። ግን የመጀመሪያውን ግፊት ያበርዳል፤ የተረፈው በቱቦ ወደ ቦይ ይሄዳል።

አራተኛ፣ የዝናብ ውሃን ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ ወይም ሴፕቲክ ታንክ አትልቀቁ። ሲሞላ የሚወጣው ዝናቡ ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባን ያስጨነቀውን አተት የምታስታውሱ ምን እያልኩ እንደሆነ ይገባችኋል።

አምስተኛው ዋናው ነው፤ የቅያሱ የጋራ ቦይ። ከላይ እስከ ታች ተዳፋቱ የተለካ፣ ከእያንዳንዱ ግቢ የሚወጣውን የሚቀበል አንድ ቦይ። ሃያ አባወራ ለየብቻው ገረጋንቲ የሚያፈስበት ብር ሲደመር ብዙ ነው፤ ግማሹ እንኳ አንድ ላይ ቢዋጣ ግንበኛና ድንጋይ ይገዛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ገንዘብ ለመሰብሰብ አዲስ ኮሚቴም አያስፈልግም። ዕድር አለ፤ ስም ዝርዝር፣ ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ አለው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል ዕድር ቤት ሲጥለቀለቅ ዝም የሚልበት ምክንያት አይታየኝም። መዋጮው ሲከፋፈል ታች ያለው ቤት ብቻ እንዳይጫንበት፤ ላይ ያለው ቤት ውሃ ላኪ ነው፣ ድርሻውን ይክፈል።

"ይሄ የመንግሥት ሥራ አይደል እንዴ?" ትሉኝ ይሆናል። ትልቁ ክፍል አዎ ነው። የቅያሱ ቦይ ዋና መንገድ ላይ ካለ ትልቅ ቦይ ወይም ከወንዝ ጋር ካልተገናኘ የቅያሱን ውሃ ወደ ሌላ ቅያስ መላክ ይሆናል፤ እሱን ማገናኘት የከተማ አስተዳደሩ ኃላፊነት ነው። በተለይ የኮብልስቶን መዋጮ ስትጠየቁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የመንገዱ ከፍታ ከግቢዎቹ በር በላይ ነው ወይስ በታች? ውሃው በመጨረሻ የሚገባው የት ነው? መንገዱ ከበራችሁ ከፍ ብሎ ከተነጠፈ ግቢያችሁ ገንዳ ሆነ ማለት ነው። ጥያቄው ድንጋዩ ከመነጠፉ በፊት በጽሑፍ ይግባ፤ የቀረጻችሁት ቪዲዮም ለዚህ ይጠቅማል። በእኛ በኩል ደግሞ ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ቦይ ውስጥ እየጣልን አስተዳደሩን መውቀስ አያስኬድም።

እስከዚያው ግን ወረዳው እስኪመጣ መጠበቅ የማይፈልግ አንድ ሥራ አለ። ቀጣዩ ዝናብ ሲያባራ ቦቲ ጫማ አድርጉና ከግቢያችሁ የወጣውን ውሃ ተከትላችሁ ሂዱ። የማን በር ላይ እንደሚቆም እዩ። ስለ ቦዩ መነጋገር የሚጀመረው ከዚያ ቤት ነው።